አርባ ዘጠኝ ጫማ ሽቦ

ልመዘገብ የሄድኩት ለነርስ ረዳትነት ትምህርት ነበር። አክስቴ ቅጹን ሞልታ፣ ፎቶግራፌን አያይዛ፣ አውቶቡስ ላይ እስክወጣ ቆማ ነው የሸኘችኝ። ኮሌጁ ግቢ ስደርስ መመዝገቢያው የት እንደሆነ አንድ ጥበቃ ጠየቅኩ። እጁን ወደ ኋላ ወርወር አድርጎ ሄደ። ሁለተኛ መጠየቅ ስላፈርኩ እጁ ወዳመለከተበት ሄድኩ። ከሕንፃዎቹ ጀርባ፣ ውሃው ዳር፣ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ መጋዘን አገኘሁና ገባሁ።

መጋዘኑ ውስጥ አንዲት ጀልባ በእንጨት ድጋፎች ላይ ቆማለች። ጀልባ ስል ሐይቅ ላይ ሰው የምታሻግር ትንሽ ነገር አይደለችም። ርዝመቷ የአክስቴን አፓርታማ ከነኮሪደሩ ይበልጣል። ሆዷ ሰፋ ብሎ ወደ ሁለቱ ጫፎች እየቀጠነ ይሄዳል፤ ከታች እንደ ዓሣ ክንፍ የወረደ ከባድ የእርሳስ ብረት አለባት። ቀለሟ ተፋፍቋል። ከጎኗ ሦስት ሳንቃ ወልቆ የውስጥ አጥንቷ ይታያል። እንደዚያ ሆናም ቆማ ሳለች የምትሮጥ ትመስል ነበር። አፌን ከፍቼ ስዞራት አንድ ሰውዬ ከሥሯ በጀርባው ተንሸራቶ ወጣና ልትመዘገቢ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ልመዘገብ መምጣቴ እውነት ስለነበር አዎ አልኩት።

አክስቴ ይህን ስትሰማ ማንኪያውን ድስቱ ውስጥ ተወችው።

«በረሃ አቋርጠሽ፣ ካርቱም ሁለት ዓመት ተቀምጠሽ፣ አሜሪካ የገባሽው ጀልባ ልትጠግኚ ነው?»

የእንጨት ሥራ እንደሆነ፣ ሰርተፊኬት እንዳለው፣ ትምህርቱን የጨረሱ ሁሉ ሥራ እንደሚያገኙ ነገርኳት። የመጨረሻውን ከራሴ ነው የጨመርኩት።

«ዋና ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«ሱብሃነላህ» አለችና ወደ ድስቷ ዞረች። ቆየት ብላ «ኦኬ፣ ሶ፣ ቢያንስ አስተማሪዎችሽን አክብሪ። የሚሉሽን ስሚ፤ አትመልሺ» አለችኝ። ይህ ለእኔ ከባድ ትእዛዝ አልነበረም። ሳድግ የተማርኩት ይህንኑ ነው።

ተማሪዎቹ አሥራ አንድ ነበርን። ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ግማሾቹ አባቴን ያክላሉ፤ አንዱ አላስካ ሲያጠምድ የኖረ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ አንዱ የቀድሞ ወታደር፣ ሁለቱ ከአውሮፕላን ፋብሪካ የተቀነሱ ናቸው። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ እደርሳለሁ፣ ወለሉን እጠርጋለሁ፣ መሮዎቹን በየመጠናቸው እደረድራለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ጠረጋውን ስጨርስ ግን መጋዘኑ ውስጥ እሷና እኔ ብቻ እንሆናለን፤ መዳፌን በጎኗ ላይ እየሄድኩ አሳልፈዋለሁ። ትላንት ሻካራ የነበረው ዛሬ ሲለሰልስ እጄ ያውቀዋል። ያን ጊዜ የነበረው የልቤ ምት አሁን ስጽፈውም ይሰማኛል።

ጀልባዋ ለውድድር የተሠራች ናት። ሃምሳ ዓመት ሞልቷታል። ያሠራት ሰው ሞቶ አሁን የልጁ ናት፤ ልጁ ስል ግን ወደ ሰማንያ ዓመት የተጠጉ፣ በዱላ የሚሄዱ ሴትዮ ናቸው። በወጣትነታቸው ከአባታቸው ጋር ተወዳድረውባታል። ከዚያ በኋላ ጀልባዋ አንድ የመርከብ ግቢ ውስጥ ዝናብ ሲመታት ዓመታት ቆየች። ኮሌጁ እኛ ተምረንባት እንድትታደስ ተቀበላት።

ሴትዮዋ በየሳምንቱ ዓርብ ሳንድዊች ይዘው ይመጡ ነበር። መጀመሪያ ያመጡት የአሳማ ሥጋ ነበረበት፤ እኔ ከይሉኝታ የተነሳ ተቀብዬ በናፕኪን ጠቅልዬ ለዓሣ አጥማጁ እሰጠው ጀመር። ሦስተኛው ዓርብ ላይ ነቁብኝ። ከዚያ በኋላ አንዱን በእንቁላል ሠርተው ለብቻው ጠቅልለው ያመጡልኝ ነበር። በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሥራችንን ያያሉ፤ አንዳንዴም ተነስተው አንዱን ሳንቃ በዱላቸው ጫፍ ቆርቆር ያደርጉታል።

ፍላጎታቸውን ገና በመጀመሪያው ቀን ነግረውን ነበር። በግንቦት እዚሁ ሲያትል ሐይቅ ላይ የድሮ የእንጨት ጀልባዎች ውድድር አለ። ከግንቦት ቀጥሎ ባለው በጋ ዳሌያቸው ቀዶ ጥገና ይደረግለታል፤ ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ዘንበል የሚል ነገር ላይ መቀመጥ የለም ብሏቸዋል። ስለዚህ ይህን ግንቦት መሪውን ራሳቸው ይዘው መወዳደር ይፈልጋሉ። «የሚቀጥለው ዓመት ለእናንተ ነው፤ ለእኔ ያለው ይሄ ብቻ ነው» አሉ። የተናገሩት በሐዘን አልነበረም፤ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግንቦት የሁላችንም ሆነ።

የአሜሪካን ብርዳማ ክረምት በሙሉ አጥንቶቿን ስንቀይር ከረምን። ኦክ የሚባለውን ጠንካራ እንጨት ረጅም ሣጥን ውስጥ ከትተን በእንፋሎት እንቀቅለዋለን። ከሣጥኑ ሲወጣ እንደ ቆዳ ይለሰልሳል፤ ይህ የሚቆየው ግን አሥር ትንፋሽ ለማይሞላ ጊዜ ነው። አንዱ በወፍራም ጓንት ይዞ ይሮጣል፣ አንዱ ጀልባዋ ውስጥ ሆኖ ይቀበላል፣ ሁለታችን በእግራችን ረግጠን ከጎኗ ጋር እናስተኛዋለን፣ ሌላው በማሰሪያ ብረት ያጣብቀዋል። ከዘገየን ይሰበራል። መጀመሪያ ቀን አራት ሰበርን። ሁለተኛው ቀን አንድ። ሦስተኛው ቀን ምንም ሳንሰብር አሥራ ሁለት ስናስገባ ዓሣ አጥማጁ ጓንቱን አውልቆ ትከሻዬን መታኝ፤ ክንዴ ለሁለት ቀን አመመኝ። ደስታዬን የምነግረው ስላጣሁ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ለተቀመጡ አንዲት ሴት ነገርኳቸው። እሳቸውም በትዕግሥት ሰሙኝ።

በመጋቢት ሥራው የጀልባዋን ሸራ ወደሚሸከመው ምሰሶ ዞረ። አዲሱን ምሰሶ ከቀላል እንጨት አጣብቀን ሠራነው፤ ልገን ቫርኒሽ ቀባነው። ምሰሶ ግን ለብቻው አይቆምም። ከጫፉና ከወገቡ ተነስተው በግራና በቀኝ፣ በፊትና በኋላ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ የሚታሠሩ የሽቦ ገመዶች ናቸው ወጥረው የሚይዙት። አንዱ ከላላ ወይም ካጠረ ነፋስ ምሰሶውን እንደ እርሳስ ይሰብረዋል።

ይህን ሊያስተምሩን አዲስ አስተማሪ መጡ። ዕድሜ ልካቸውን የመርከብ ገመድ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ከሱፍ የተሠራ ቆባቸውን አያወልቁም፤ መነጽራቸውን ቆቡ ላይ ሰክተው ይረሱታል። ብዙ አይናገሩም። በእንግሊዝኛ «አንቱ» የሚባል ነገር ስለሌለ እኔ በየዐረፍተ ነገሬ ጫፍ «ሰር» እጨምርላቸው ነበር። እሳቸው ሽቦ መጎንጎን አሳዩን። ሽቦው ስድስት ዘንጎች ተጠምዝዘው አንድ የሆኑበት ነው። ጫፉን ትፈቻለሽ፣ ታጥፊዋለሽ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ዘንግ በገመዱ መሐል መልሰሽ ታሳልፊዋለሽ። መሐሉን የምትከፍችው በብረት ወስፌ ነው። እናቴ ሙዳይ ትሰፋበት የነበረውን ወስፌ አሥር እጥፍ አድርጋችሁ አስቡት። ሽቦው ጣት ይወጋል፣ ይንሸራተታል፣ ተመልሶ ይፈታል። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ በአንድ ሳምንት ሰለቹት። እኔ መለማመጃ ቁራጭ ሽቦ ቤት ድረስ ወስጄ አክስቴ ቴሌቪዥን ስታይ እሠራ ነበር። አክስቴ የተወጋ ጣቴን በአልኮል እየጠረገች፣ ነርስ ረዳት ብሆን ኖሮ የሌላ ሰው ጣት እንደምጠርግ ታስታውሰኛለች።

በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌው የሠራሁትን ቁራጭ በእግራቸው ረግጠው ሳቡት። አልተፈታም። አገላብጠው አዩትና ረጃጅሞቹን ሽቦዎች እኔ እንድሠራ ወሰኑ። ገመዷን የሠራ ሰው ደግሞ በውድድሩ ቀን ጀልባዋ ላይ ይሳፈራል፤ የሥራቸው ወግ እንደዚያ ነው፤ በሠራኸው ነገር ሥር ቁጭ ትላለህ። ያን ቀን ከአውቶቡስ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ እስከ ቤት በሩጫ ሄድኩ።

አሁን ወደ ሽቦው ልኬት ልምጣ።

የጀልባዋ የድሮ ገመዶች ዝገው ከተጣሉ ቆይተዋል፤ ስለዚህ ልኬቱን እንደ አዲስ መውሰድ ነበረብን። ምሰሶውን ወለል ላይ አስተኛነው። ከሥሩ በጎን በኩል አንድ ሳንቃ ዘርግተን የጀልባዋን ጠርዝ ቦታ ምልክት አደረግንበት። ከዚያ ከምሰሶው ጫፍ እስከ ምልክቱ በረጅሙ የጨርቅ ሜትር መለካት ነው። ሁለት ተማሪዎች ሜትሩን ጫፉ ላይ ይይዛሉ፤ ሽማግሌው ሳንቃው ላይ ጎንበስ ብለው ቁጥሩን ይጠራሉ፤ እኔ ፊት ለፊታቸው ተንበርክኬ እጽፋለሁ። አሜሪካኖቹ የሚለኩት በጫማና በኢንች ነው፤ አንድ ጫማ የክንድ ያህል እንኳ አይሞላም። አጫጭሮቹን ሽቦዎች ጨርሰን ወደ ረጅሙ፣ ከምሰሶው ጫፍ ወደሚወርደው ደረስን።

«አርባ ስድስት ጫማ ከአራት ኢንች» አሉ።

ሜትሩ የተዘረጋው ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ነበር። እሳቸው የሚያዩት ተገልብጦ ነው። በእኔ በኩል ቀይ ሆኖ የተጻፈው ቁጥር 49 ነበር። ዘጠኙን ገልብጠው ስድስት ብለው አነበቡት። መነጽራቸው ቆባቸው ላይ ነው።

እርሳሴ ወረቀቱ ላይ ቆመ። አሥር ሰው ከቦናል። ሽማግሌ ናቸው፤ አስተማሪዬ ናቸው፤ ሥራውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እንዴት አድርጌ በሰው ፊት «ተሳስተዋል» እላቸዋለሁ? አንገቴን ነቀነቅኩና አርባ ስድስት ብዬ ጻፍኩ።

ሽቦው አንድ ጥቅል ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ከሌላ ከተማ አስልከው ያመጡት፣ በዚያ ውፍረት ሲያትል የማይገኝ ነው። ሌላ ለማስመጣት ከአንድ ወር በላይ ይወስዳል፤ ውድድሩ ደግሞ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ረጅሙ ሽቦ ለግራም ለቀኝም ስለሆነ ሁለት ነው የሚቆረጠው። ሁለቱም ሦስት ጫማ አጥረው ከተቆረጡ ምሰሶው አይቆምም። ሴትዮዋም ግንቦትን ከበርጩማቸው ላይ ሆነው ያዩታል። ይህን ሁሉ አውቶቡስ ላይ ሆኜ ደግሜ ደጋግሜ አሰብኩት። ሰፈራችን ሬኒየር ቢች ስደርስ መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ጥፋቱን እኔ እወስደዋለሁ። እሳቸው ትክክል ጠርተው እኔ ተሳስቼ ጻፍኩ እላለሁ። እሳቸው አያፍሩም፣ ሽቦውም በልኩ ይቆረጣል። በጣም ጥሩ ነገር ያሰብኩ መስሎኝ እራት በደንብ በላሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሰው ሳይሰበሰብ ጠበቅኳቸው። ቀስ ብዬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ትላንት የረጅሙን ሽቦ ቁጥር በስህተት እንደጻፍኩት፣ እሳቸው ያሉት አርባ ዘጠኝ እንደነበር፣ ይቅርታ እንደምጠይቅ ነገርኳቸው። በልቤ «አይዞሽ» እንዲሉኝ እየጠበቅኩ ነበር።

ደብተሩን ተቀብለው አዩት።

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ ትክክል ናቸው፣ ሰር።»

«አንዱን ከተሳሳትሽ ሌሎቹን እንዳልተሳሳትሽ በምን አውቃለሁ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ገጹን ቀደው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። ተማሪዎቹ ሲሰበሰቡ ሁሉም ልኬት እንደገና እንደሚወሰድ፣ ጽሑፉን ወታደሩ እንደሚይዝ፣ እኔ ደግሞ የጀልባዋን የውስጥ ጓዳ ክዳን በብርጭቆ ወረቀት እንድፈገፍግ ተናገሩ። አንድ ሙሉ ቀን ባከነ ማለት ነው። ሁሉም አጉረመረመ። ዓሣ አጥማጁ ባጠገቤ ሲያልፍ «ቁጥር መጻፍ ካቃተሽ ጀልባ ላይ ሥራሽ ምን ሊሆን ነው፣ መጸለይ?» አለኝ። ሽቦውን ማን እንደሚጎነጉነው ማንም አላነሳም፤ እኔ እንዳልሆንኩ ግን ገባኝ።

ክዳኑን ጥግ ወስጄ መፈግፈግ ጀመርኩ። ዓይኔ እንባ ሞልቷል፤ ጆሮዬ ግን እዚያው ነበር። አጭሩን ለኩ፣ ቀጣዩን ለኩ፣ ሁሉም ትላንት የጻፍኩት ቁጥር ነው። ረጅሙ ላይ ደረሱ። ሜትሩ እንደ ትላንቱ ተዘረጋ፤ ሽማግሌው እንደ ትላንቱ በዚያው በኩል ቆመው ጎንበስ አሉ።

«አርባ ስድስት ከአራት።»

ወታደሩ ሜትሩን ቀና ብሎ ሳያይ ጻፈ። ሽማግሌው ቀና አሉና ወደ ቅርጫቱ ሄደው የቀደዱትን ገጽ አወጡ። ከአዲሱ ጋር አስተያዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ መጀመሪያውኑ ትክክል ጽፌ እንደነበር፣ ስሳሳት እንኳ በደንብ መሳሳት እንደማልችል ተናገሩ። መጋዘኑ ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ ለእኔ የቀለለኝ መስሏቸዋል።

የሽቦውን ጥቅል አንከባለው ወለሉ ላይ ዘረጉት። ለኩ። የሚቆረጥበትን ቦታ እንዳይፈታ በቀጭን ሽቦ ጠመጠሙት። ዓሣ አጥማጁ እጀታው ክንድ የሚያህለውን መቁረጫ አምጥቶ አፉን ሽቦው ላይ አስገባ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው ምልክት ሰጡት። እጀታዎቹ መገጣጠም ጀመሩ።

«አትቁረጥ!»

ድምፄ መሆኑን ያወቅኩት ሁሉም ሲዞር ነው። ብርጭቆ ወረቀቱ እጄ ውስጥ እንዳለ መሐላቸው ቆሜያለሁ።

«አርባ ዘጠኝ ነው» አልኩ። «ሜትሩን ገልብጠው ነው የሚያነቡት። ትላንትም ገልብጠው ነው ያነበቡት። ትላንት አይቻለሁ።» ሰር ማለቱን ረሳሁት።

 ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው ሬዲዮ ብቻ ነበር የሚሰማው፤ የአየር ሁኔታ እያወራ ነው። ሽማግሌው ቀስ ብለው ሳንቃውን ዞረው በእኔ በኩል መጡ። መነጽራቸውን ከቆባቸው ላይ አውርደው አደረጉና ተንበረከኩ። ቁጥሩን በጣታቸው ተከትለው አነበቡት። ሲነሱ ጉልበታቸው ተንቋቋ።

«አርባ ዘጠኝ» አሉ።

ዓሣ አጥማጁ መቁረጫውን ከሽቦው ላይ አንስቶ እንደ ሕፃን በደረቱ አቀፈው።

ሽማግሌው ወደ እኔ መጡ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ይልቅ የገባቸው አይመስሉም ነበር። ካየሁ ለምን ጠዋት በስህተት ጻፍኩ ብዬ እንደዋሸኋቸው ጠየቁኝ። እኔም በተቆራረጠ እንግሊዝኛ አስረዳኋቸው። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው በሰው ፊት ተሳስተሃል አይባልም፤ ትንሹ ጥፋቱን ይሸከማል፤ ይህ ነውር ሳይሆን ጨዋነት ነው አልኳቸው። አዳመጡኝ። ጢማቸውን አሻሹ።

«እና በእናንተ አገር ትልቁ ሰው ገመዱን አሳጥሮ ሲቆርጠው ምን ታደርጋላችሁ?»

አሰብኩ። እውነቱን ከመናገር በቀር የቀረኝ ነገር አልነበረም።

«እናለቅሳለን፣ ሰር። ግን ድምፅ ሳናሰማ።»

መጀመሪያ የሳቀው ዓሣ አጥማጁ ነው፤ ከዚያ ሽማግሌው፣ ከዚያ እኔ። ሽማግሌው ሲስቁ መነጽራቸው ወደቀ። ከዚያ ደብተሩን ከወታደሩ ተቀብለው ራሳቸው ያዙትና ሜትሩን ለእኔ ሰጡኝ። «አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ እጽፋለሁ» አሉ። «የተሳሳተ ነገር ስጽፍ ካየሽ በእግርሽ ምቺኝ።» አልመታኋቸውም። አንዴ ግን «ሰባት ሳይሆን አንድ ነው» ብያቸዋለሁ።

ሁለቱን ረጃጅም ሽቦዎች እኔ ጎነጎንኳቸው። እያንዳንዱ ጫፍ ግማሽ ቀን ወሰደብኝ። ክሬኑ የመጣ ቅዳሜ ሴትዮዋ ከበርጩማቸው ተነስተው ቆሙ። ምሰሶው ከመሬት ተነስቶ አየር ላይ ሲወዛወዝ ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን፤ ቢወድቅ የምንይዘው ይመስል። ሥሩ ቦታው ውስጥ ሲገባ ከሆዷ ድም የሚል ድምፅ ተሰማ። የግራውን ሽቦ ይዤ ወደ ጀልባዋ ጠርዝ ሳብኩት። ደረሰ። መወጠሪያው ብሎን ላይ አራት ጣት የሚያህል ጥርስ ተርፎ ነበር፤ መትረፍ የሚገባው ልክ ይህ ነው። የቀኙም ደረሰ። ሽማግሌው ብሎኑን እያጠበቁ ሽቦውን በጣታቸው እንደ ክራር ሲመቱት ዘመረ። እኔንም እንድመታው ጠሩኝ። ሁለት ጊዜ መታሁት፤ ሦስተኛ ጊዜ ልመታው ስል ክሬኑ የሚከፈለው በሰዓት ነው አሉኝ።

ውሃ ላይ ባወረድናት ቀን በየመገጣጠሚያዋ ውሃ አስገባች። እኔ ደነገጥኩ፤ ሌሎቹ ግን ሳንቃው ደርቆ ስለከረመ እንደሆነ፣ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ራሱ እንደሚገጥም ያውቁ ነበር። ሁለት ቀን ተራ ገብተን በፓምፕ ውሃዋን አወጣን። በሦስተኛው ጠዋት ወለሏን ሳነሳ ውስጧ ደርቋል። ለአክስቴ ስደውል ያገኘኋት ሥራ ላይ ነበር፤ «ደረቀች!» ስላት ማን እንደታመመ ጠየቀችኝ።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ሐይቁ ላይ ጥሩ ነፋስ ነበር። ሴትዮዋን ሁለት ሰው ደግፎ አሳፈራቸው፤ መሪውን ሲይዙ ግን ዱላቸውን ለሽማግሌው ወርውረው ሰጧቸው። ሽማግሌው ከእኛ ጋር አልተሳፈሩም፤ ጉልበታቸው እንቢ ስላለ ምሰሶውን በእኔ ዓይን እንደሚጠብቁ ተናገሩ። ከመሄዳቸው በፊት ለሴትዮዋ በጆሯቸው የሆነ ነገር ነገሯቸው። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሽማግሌውን ተሳስተሃል ያልሽው አንቺ ነሽ?»

እኔ መሆኔን፣ በዚያ መልክ ለማለት ግን እንዳላሰብኩ መናገር ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም። ወደ ፊት ሄጄ በትልቁ የፊት ሸራ ሥር፣ ጀልባዋ በምታዘነብልበት በዝቅታው በኩል እንድቀመጥ አዘዙኝ። ሸራው ሲወጠር መሪውን ለያዘው ሰው ግማሹን ሐይቅ ይጋርድበታል፤ በዚያ በኩል የሚመጣውን የሚያየው እዚያ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። «እኔ መስማት የምወደውን እንድትነግሪኝ አልፈልግም» አሉኝ። «የምታዪውን ንገሪኝ። ስታዪው።»

የመንሳፈፊያ ጃኬቴን ገመድ ሦስት ጊዜ አጥብቄ ተቀመጥኩ። ሸራው ተከፈተ። ጀልባዋ መጀመሪያ ያመነታች መሰለች፤ ከዚያ ዘንበል አለችና ሄደች። ክረምቱን በሙሉ በእጄ ያሻሸሁት ጎኗ ውሃውን ሲሰነጥቀው ከሥሬ ይሰማኛል። ከበላዬ የግራው ሽቦ ተወጥሮ ያዜማል። ውሃ ፊቴ ላይ ተረጨ፤ አፌን ከፍቼ ስስቅ ስለነበር ዋጥኩት።

ከሸራው ሥር አንድ ነጭ ጀልባ ብቅ አለ። ሩቅ ነበር፤ ወዲያው ሩቅ መሆኑ ቀረ። ቀጥታ ወደ እኛ ነው የሚመጣው፤ ቅድሚያውም የእሱ ነው፤ ደንቡን በቃሌ አጥንቼዋለሁ። ወደ ኋላ ዞሬ ሴትዮዋን አየኋቸው። ፀጉራቸው በነፋስ ተበትኖ፣ ዓይናቸውን ምሰሶው ጫፍ ላይ ተክለው ፈገግ ብለዋል። ምናልባት አይተውት ይሆናል፤ ሃምሳ ዓመት የሠሩበት ነው፤ እኔ ዋና እንኳ አልችልም። ይህን አስቤ ሳልጨርስ አፌ ቀደመኝ።

«ጀልባ! በቀኝ! ያዙሩ፣ አሁን ያዙሩ!»

መሪው ተገፋ። ሸራው ከላዬ ተላትሞ ወደ ሌላው ጎን ዞረ፤ እኔም በእጅና በእግሬ እየዳህኩ ወደ አዲሱ ዝቅታ ተሻገርኩ። ነጩ ጀልባ በጎናችን ሲያልፍ መሪው ላይ ያለው ሰውዬ ሸሚዙ ላይ ያፈሰሰውን ቡና አየሁት። ዓሣ አጥማጁ ገመድ እየሳበ፣ በአማርኛ የጮህኩትን ማን እንዲተረጉምለት እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ነው የመጨረሻው በአማርኛ እንደወጣ ያወቅኩት።

ሴትዮዋ ከኋላ ጠሩኝ። ዓይናቸው ከምሰሶው ጫፍ አልወረደም።

«ለምን ሦስት ጊዜ ጮህሽ? በአንዱ ሰምቼሻለሁ።»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ።

«አሁንስ ምን ይታይሻል?» አሉ።

ጎንበስ ብዬ በሸራው ሥር አየሁ። ሐይቁ በሸራ ተሞልቷል። ሁለት ጀልባዎች በግራ፣ አንዱ ከሌላው ቀድሞ፤ ከእነሱ ወዲያ የመዞሪያው ብርቱካንማ ምልክት፤ ከምልክቱ በስተቀኝ ውሃው ጠቁሮ ነፋስ እየመጣ። እያየሁ ነገርኳቸው፤ አንዱን ጨርሼ ሌላውን ስጀምር ትንፋሽ እንኳ አልወሰድኩም።